ስሌት በስንት ዋጋ? ከባሕረ ሐሳብ እስከ ቱሉ ዲምቱ

ቱሉ ዲምቱ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ወደ አዳማ የሚወስደውን የክፍያ መንገድና ኮንዶሚኒየሞቹን ነው። እዚያው አቅራቢያ ግን በ2003 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከልህቀት ማዕከላቱም አንዱ የሚሠራው በከፍተኛ አቅም ስሌትና በቢግ ዳታ ላይ ነው። በዶርሙም፣ በቤተ መጻሕፍቱም፣ ከግቢው ውጭ ባሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶችም ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት የደረሱ ልጆች የሚጠያየቁት ነገር አለ። በግድግዳ ውስጥ የሚያልፈውን ሙቀት፣ የድልድይን ንዝረት፣ የአዋሽን ጎርፍ በኮምፒዩተር ማስላት የሚያስተምር መጽሐፍ የት ይገኛል? ሶፍትዌሩስ ስንት ያወጣል? ላፕቶፕ የሌለው ምን ያድርግ?

ጥያቄው ከኮምፒዩተር በፊትም ነበረ። ስሌት መማር በዚህ አገር ምንጊዜም ዋጋ ያስከፍላል፤ ከዘመን ዘመን የሚለያየው ተማሪው የሚከፍለው ለምኑ እንደሆነ ነው። አንድ ጊዜ ለመምህሩ ነበር፣ ሌላ ጊዜ ለማሽኑ፣ ከዚያ ለመጽሐፉ፣ ከዚያም ለሶፍትዌር ፈቃዱ። ታሪኩን በዚህ ዓይን ስናየው ዛሬ ለምኑ ገንዘብ ማውጣት እንደሚገባ፣ ለምኑ ደግሞ ሳንቲም እንደማያስፈልግ ይለያል።

ከባሕረ ሐሳብ እንነሣ። ትውፊቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለቅዱስ ድሜጥሮስ የሚሰጠው ይህ የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስሌት ነው። የ2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከዚህ አንድ ሲቀነስ 12፣ ወንበሩ ይኸው ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 12 አበቅቴ ይባላል፤ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 18 ደግሞ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልመጡ አንድ ቦታ ስሕተት አለ ማለት ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይውላል፤ ቀኑ እሑድ ነው፤ ለየዕለቱ የተመደበው ጭማሪ ተውሳክ ይባላል፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 ላይ 7 ሲጨመር 25 ይመጣል። በዓለ መጥቅዕ መስከረም ላይ ስለዋለ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ትገባለች፤ ከእሷ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ላይ ያርፋል።

ቀሪን ማውጣት፣ ከ14 ይበልጣል ወይስ ያንሳል ብሎ መመርመር፣ ሰንጠረዥ ማየት፣ ውጤቱን በሌላ መንገድ ማመሳከር፦ ዛሬ የፕሮግራሚንግ ጀማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚማረው ይህንኑ ነው። ወንበርን፣ አበቅቴንና መጥቅዕን የሚያወጣው ክፍል በፓይተን ሲጻፍ ጥቂት መስመር ነው። ከ19 ቀሪው ዜሮ በሚሆንበት ዓመት ፕሮግራሙ ወንበሩን ከዜሮ በታች እንዳያወርደው መጠንቀቅ ያሻል፤ ወንበሩ ያኔ 18 ነው። ወንበር ዜሮ በሚሆንበት ዓመት ደግሞ መጥቅዑ 30 ይባላል እንጂ ዜሮ አይባልም። ጀማሪን እንዲህ ያለ የድንበር ጉዳይ የሚያስተምር፣ መልሱንም ከግድግዳ ካላንደር የሚያገኝበት ሌላ መልመጃ በቀላሉ አይገኝም፤ ዋጋውም ባዶ ነው።

በቀድሞው ዘመን ግን ባዶ አልነበረም። መሣሪያው ጣት ስለሆነ ለመሣሪያ የሚከፈል የለም፤ የሚከፈለው ዕድሜ ነበር። ተማሪው ከቀዬው ርቆ፣ ቁራሽ ለምኖ በመምህሩ ደጅ ይከርማል፤ መጽሐፍ ቢፈልግ ብራና ፍቆ በእጁ ይገለብጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር አልጎደለበትም፤ ሲሳሳት «እዚህ ጋ ሳትክ» የሚለው ሰው አጠገቡ ነበር። ይህን ነጥብ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዘመናዊው ትምህርት በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ከፍ ወዳለ ደረጃ ደረሰ። ለሳይንሳዊ ስሌት ግን ትልቁ ቀን የመጣው በ1950 ዓ.ም. ግድም፣ ዓለም አቀፉን የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በማድረግ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪው ሲቋቋም ነው። አዲስ አበባ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ መሆኗ ለዓለም ሳይንቲስቶች ተፈላጊ አድርጓት ነበር። መሥራቹ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዌን ነበሩ። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያፈርስ ኦብዘርቫቶሪው ገና ልጅ ነበር። አባ ጉዌን ግን ለዓመታት መረጃ ሲያሰባስቡ፣ ከዜና መዋዕሎችም ሲለቅሙ ቆይተው የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አወጡ። መጽሐፉ ዛሬም የዘርፉ ሰዎች የሚጠቅሱት ነው።

ያን ጊዜ የመንቀጥቀጥን ርቀት ማስላት የወረቀት ሥራ ነበር። በመመዝገቢያ መሣሪያው የወረቀት ጥቅልል ላይ ፈጣኑ የመንቀጥቀጥ ማዕበል የደረሰበትና ዘገምተኛው የደረሰበት ሰዓት ይነበባል፤ በመካከላቸው ላለው ለእያንዳንዱ ሰከንድ በጥቅሉ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይታሰባል። ከሦስት ጣቢያዎች በኮምፓስ ክብ ሲሠራ ክቦቹ የሚገናኙበት ቦታ የመንቀጥቀጡ መነሻ ነው። በዚያው ዘመን ባሕር ማዶ ማሽኑ ሥራውን ጀምሮ ነበር። አይቢኤም ፎርትራንን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ ከዚያ በኋላ ፊዚክስና ምሕንድስና ለሁለት ትውልድ ያህል በፎርትራን ተጻፉ። ባለ 80 ዓምድ ካርድ በስቶ፣ ለኦፕሬተር ሰጥቶ፣ ውጤትን ሲጠባበቁ መዋል ነበር። ማሽን የነበራቸው ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ስለነበሩ ለብዙው የኢትዮጵያ ተማሪ ፎርትራን በጥቁር ሰሌዳ የሚማሩት ቋንቋ ነበር።

ይህን ክፍተት በተወሰነ ደረጃ የሞላው ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም እ.ኤ.አ. በ1964 ትሪየስት፣ ጣሊያን ያቋቋሙት ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ነው። ከእኛም አገር ፊዚክስ የተማሩ ሰዎች እየሄዱ መጽሐፍና ማሽን ያገኙበት ነበር። ስለ ማዕከሉ ሳስብ ሁሌም የሚገርመኝ ዓላማው ነው፤ ሳላም የፈለጉት የድሃ አገር ሳይንቲስት አገሩን ጥሎ ሳይሰደድ ከዓለም ጋር እኩል እንዲሠራ ነበር።

ከዚያ የመጽሐፉና የፈቃዱ ዘመን መጣ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ክሊቭ ሞለር፣ ተማሪዎቻቸው ፎርትራን መጻፍ ሳይጠበቅባቸው ሊንፓክና አይስፓክ የተባሉትን የማትሪክስ ላይብረሪዎች እንዲጠቀሙ ብለው ማትላብን ሠሩ። መጀመሪያ ላይ በነጻ ይታደል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ኩባንያ ተመሠረተበትና የሚሸጥ ሆነ፤ የዓለም የምሕንድስና ትምህርት ቤቶችም ሥርዓተ ትምህርታቸውን በእሱ ላይ ገነቡ፤ የእኛዎቹም ተከተሉ። ፈቃዱ በዶላር ነው። ስለዚህ በየካምፓሱ የተሰራጨው ክራክ የተደረገው ቅጂ ነበር፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ፣ ብዙ ጊዜ ከነቫይረሱ። መጽሐፉም እንዲሁ፤ አንድ መምህር ያመጣው የሕንድ ርካሽ እትም ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ፣ በስፓይራል ታስሮ ለመላው ክፍል ይደርሳል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም እንደ ሥራ ይጠብቃል፤ በተግባር ግን ሌላ አማራጭ ያላየ ተማሪ ክራኩን ከመጫን ወደኋላ አላለም። ተማሪውን አልወቅስም። የሚያሳዝነኝ በተዋሰው ሶፍትዌር የሠለጠነ መሐንዲስ ሥራ ሲይዝ፣ የግል ድርጅት ሲከፍትም በሕጋዊ መንገድ ሊጠቀምበት የማይችለውን ዕውቀት ይዞ መውጣቱ ነው። ኪሳራው ያኔ ይጀምራል።

አማራጩ ግን ያን ጊዜም እየተሠራ ነበር። ጃክ ዶንጋራና ኤሪክ ግሮስ እ.ኤ.አ. በ1985 ኔትሊብን ከፈቱ፤ የሚፈልጉትን የሒሳብ ፕሮግራም ስም በኢሜይል ሲልኩለት ኮዱን በኢሜይል የሚመልስ አገልግሎት ነበር። ሙሉ ኢንተርኔት ለሌለው አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አዲስ አበባም በ1980ዎቹ ዓ.ም. ከዓለም ጋር ትጻጻፍ የነበረው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ባስጀመረው የኢሜይል መረብ ነበር። ኢንተርኔት የገባልን በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። በዚያው አሥር ዓመት ጆን ኢተን ኦክታቭን ጀመረ፤ መጀመሪያ የታሰበው ከአንድ የኬሚካል ሪአክተር ዲዛይን መማሪያ መጽሐፍ ጋር እንዲሄድ ነበር። የማትላብን አጻጻፍ በአብዛኛው ስለሚቀበል የማትላብ የላብ ጽሑፍ የያዘ ክፍል ያለ ብዙ ለውጥ ሊሠራበት ይችላል። እንዲህ ሆኖም በየላቦራቶሪው ክራኩ ኦክታቭን አሸነፈው፤ ምክንያቱ ልማድ ይመስለኛል።

ፓይተን ልማዱን ሰበረ። ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ይህ ቋንቋ ለሳይንስ ታስቦ የተሠራ አልነበረም። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ማንም ሳይከፍላቸው፣ ወደ ሥራቸው ሳቡት። ፈርናንዶ ፔሬዝ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2001 አይፓይተንን ጻፈ፤ ኋላ ጁፒተር የሆነው እሱ ነው። በዚያው ዓመት ሳይፓይ ወጣ። ጆን ሀንተር የአንጎል ሞገዶችን ለመሣል ሲል ማትፕሎትሊብን ሠራ። ትራቪስ ኦሊፋንት ተከፋፍለው የነበሩትን የማትሪክስ ላይብረሪዎች አንድ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2006 ነምፓይን አቀረበ። ከውስጥ የሚሠራው ያው ከፎርትራን ዘመን የወረደው፣ ላፓክ የተባለው የማትሪክስ ላይብረሪ ነው፤ ስለዚህ ቱሉ ዲምቱ ተቀምጦ በነምፓይ ማትሪክስ የሚፈታ ተማሪ በአሜሪካ ብሔራዊ ላቦራቶሪዎች ለአሥርት ዓመታት የተፈተነ ኮድ እየተጠቀመ ነው፣ ያለ አንድ ብር ክፍያ።

መጻሕፍቱም ተከተሉ፤ እዚህ ላይ አንድ ሰው ሳላነሣ አላልፍም። ሃንስ ፔተር ላንግታንገን የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበሩ። ሳይንሳዊ ፕሮግራሚንግን በፓይተን የሚያስተምረው ትልቁ መጽሐፋቸው በስፕሪንገር ታትሞ በውድ ዋጋ ይሸጣል። ካንሰር ይዟቸው ሳለ ከስቬይን ሊንገ ጋር የጻፉት «ፕሮግራሚንግ ለስሌት» የተባለው መጽሐፍ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በክፍት ፈቃድ ወጣ፤ ማንም ሰው በሕጋዊ መንገድ በነጻ ያወርደዋል። አንዱ እትም በፓይተን፣ ሌላው በማትላብና በኦክታቭ ነው። በዚያው ዓመት አረፉ። መጽሐፉ ኢንተግራልን በትራፔዞይድ ከማስላት ተነሥቶ ወደ ልዩነታዊ እኩልታዎች ይወስዳል፤ ፕሮግራሙ ትክክል መሆኑ እንዴት እንደሚፈተሽ በየምዕራፉ ያሳያል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ክፍሉ ነው። አንድ መጽሐፍ ብቻ አውርድ ቢሉኝ እሱን እላለሁ።

ከእሱ ቀጥሎ በበርክሌይ የተጻፈው የፓይተን ፕሮግራሚንግና የቁጥራዊ ዘዴዎች መጽሐፍ አለ፤ ሙሉው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል፤ ከደራሲዎቹ አንዱ ቺንግካይ ኮንግ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪ ነው። ቋንቋውን ገና ለሚጀምር ደግሞ በፊንላንድ የሚኖረው ኢትዮጵያዊው አሳብነህ የታየህ ያዘጋጀው የ30 ቀን የፓይተን ትምህርት በጊትሀብ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ተማሪዎች ተጠቅመውበታል። ሊኒየር አልጀብራው ለከበደው የኤምአይቲው ጊልበርት ስትራንግ ትምህርት በቪዲዮ አለ። ኤምአይቲ ኮርሶቹን በነጻ እንደሚለቅ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ የኢንተርኔት መስመራቸው ደካማ ለሆነ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በሀርድ ዲስክ ጭኖ ይልክ ነበር።

ስለዚህ ለጀማሪ የሚበቃው መጽሐፍም ሶፍትዌርም ዛሬ ገንዘብ አያስወጣም። ገንዘብ የሚያስወጣው ላፕቶፑና ዳታው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የላፕቶፕም ዋጋ አብሮ ወጣ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መግቢያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ መጀመሩ ለዳታ ተጠቃሚው አማራጭ ሰጥቶታል፤ ቢሆንም ቪዲዮ እያዩ መማር አሁንም ኪስ ይነካል። ለዚህ ነው ገና ሲጀመር ቁጠባ የሚያስፈልገው። አብዛኛው መማሪያ ጫኑ የሚለው አናኮንዳ አንድ ጊጋባይት የሚጠጋ ጥቅል ነው። ፓይተንን ብቻ አውርዶ ነምፓይን፣ ሳይፓይንና ማትፕሎትሊብን መጨመር በመቶ ሜጋባይት አካባቢ ያልቃል። አንድ ልጅ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዶ እነዚህን ጥቅሎች ፒፕ በተባለው የፓይተን መጫኛ ካወረደ፣ ተመሳሳይ ሲስተም ያላቸው የዶርሙ ልጆች ሁሉ ያለ ኢንተርኔት ከፍላሽ ይጭኗቸዋል። ክራክ ሲዞርበት የኖረው ፍላሽ ሕጋዊ ነገር ቢዞርበት ምናለ? የላይብረሪዎቹ መመሪያዎችም ይወርዳሉ፤ ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም ዊኪፒዲያም፣ የፕሮግራመሮቹ የጥያቄና መልስ መዝገብም ያለ መስመር ይነበባሉ። ላፕቶፕ የሌለው በአንድሮይድ ስልኩ ላይ ፓይድሮይድን ጭኖ ነምፓይን ማሠራት ይችላል፤ ለጣትም ለዓይንም አይመችም፣ ለመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ግን ይበቃል። ከባድ ስሌት ሲመጣ የጉግል ኮላብ ነጻ ነው፤ ስሌቱ የሚካሄደው እነሱ ዘንድ ስለሆነ ደካማ ኮምፒዩተርም ይበቃዋል።

አሁን ወደ መምህሩ፣ አጠገብ ሆኖ ስሕተትን ወደሚያሳየው ሰው፣ ልመለስ። ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር ተጀምሯል፤ ኮርሶቹ ነጻ ናቸው፣ ሰርተፊኬትም አላቸው፣ ዳታ ሳይንስም አለበት። የፕሮግራሚንግን በር መክፈቱ መልካም ነው። ልዩነታዊ እኩልታን መፍታት፣ የስሌት ስሕተትን መገመት ግን ከበሩ ወዲያ ያለ ጉዳይ ነው። ኤቱኤስቪ የተባለው ድርጅትም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን፣ የቱሉ ዲምቱውንና የአዳማውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በነጻ ያሠለጥናል፤ ጥንካሬው አልጎሪዝም ነው፣ ግቡም ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች። ሥልጠናው የተሳካለት አንድ ትልቅ ምክንያት፣ እንደማምነው፣ ልጆቹን በቡድን አስቀምጦ እርስ በርስ ኮድ እንዲያስረዱ ማድረጉ ነው።

ለሳይንሳዊ ስሌቱ የቀረበው ምሳሌ ሌላ ነው። የአፍሪካ የኤሌክትሮኒክ ስትራክቸር ስሌት ትምህርት ቤት በየሁለት ዓመቱ በአንድ የአፍሪካ ከተማ ይካሄዳል፤ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት አዲስ አበባ ተራዋ ነበር። ወጣት ተመራማሪዎች ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ትሪየስት ላይ በተሠራው በነጻው ኳንተም ኤስፕሬሶ የቁሳቁሶችን ባሕርይ እያሰሉ፣ ሶፍትዌሩን ጠንቅቀው ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ተምረዋል። በቪዲዮ ብቻ ለወራት የሚያንገላታ ስሕተት አጠገብ ባለ ሰው በደቂቃ ይፈታል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረው ሳለ አብረዋቸው ለታሰሩት ያስተምሩ ነበር፤ የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 የሳካሮቭን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። እሳቸው በእስር ቤት ያስተማሩትን እያሰብኩ፣ ዋይፋይ ባለበት ግቢ ውስጥ ሳምንታዊ የስሌት ክበብ ማቆም ከባድ ነው የሚል ምክንያት አይዋጥልኝም። አንድ ክፍል፣ ሁለት ላፕቶፕ፣ የላንግታንገን መጽሐፍ፣ ከፍ ያለ ዓመት ላይ የደረሰ አንድ ተማሪ ይበቃል።

ምን እየሠሩ ይማሩ ለሚለውም መልሱ ቅርብ ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከፈንታሌና ከዶፈን የተነሡት መንቀጥቀጦች የአዲስ አበባን ፎቆች አነቃንቀዋል፤ በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሁሉ ያስታውሰዋል። ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ በፉሪ ተራራ ላይ የዓለም አቀፉ የመሬት መንቀጥቀጥ መረብ ጣቢያ አለ። የመረቡ መዝገብ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኦብስፓይ የተባለ የፓይተን ላይብረሪ በጥቂት መስመር ያወርደዋል። ተማሪው የአንድ የፈንታሌ መንቀጥቀጥ መዝገብ ወስዶ፣ የማያስፈልገውን ድምፅ በሳይፓይ አጣርቶ፣ ሁለቱ ማዕበሎች የደረሱበትን ጊዜ ይለያል። 17 ሰከንድ ያህል ልዩነት ካገኘ በ8 ሲያባዛው 136 ኪሎ ሜትር ይወጣል፤ ከፉሪ እስከ ፈንታሌ ያለው የቀጥታ ርቀትም ወደዚያው ነው። ሁለት ጣቢያ ሲጨምር መነሻውን ራሱ ይፈልጋል፤ ክቦቹ በአንድ ነጥብ አልገናኝ ሲሉት ሊስት ስኩዌር የሚባለው ዘዴ ለምን እንደተፈጠረ ይገባዋል፤ የመሬቱ ፍጥነት በየቦታው አንድ አለመሆኑን ሲያስብም ሞዴሉን ማሻሻል ይጀምራል። የአዋሽ ፍሰት፣ የባሕረ ሐሳብ ማውጫ፣ የኮንዶሚኒየም ምሰሶ ንዝረት እንዲሁ የላብ መልመጃ ይሆናሉ። የየትምህርት ክፍሉ መምህራን እነዚህን የላብ ወረቀቶች ከነኮዳቸው በክፍት ፈቃድ፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ማብራሪያ ጨምረው በዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይ ቢያስቀምጧቸው፣ ከግቢ ውጭ ያለው የቴክኒክና ሙያ ተማሪም፣ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪውም አውርዶ ይሠራባቸዋል።